ከደሴ አዲስ አበባ ስንት ነው?
ስለ መንገድ ርቀት፣ ስለ በረራ ሰዓትና ስለ መንገደኛ ሶላት



የሴሚስተሩ ፈተና ሊያልቅ ነው፤ ሻንጣ የሚጠቀለልበትና መናኸሪያ የሚጨናነቅበት ጊዜ ደርሷል። በዚህ እትም ስለ መንገድ ለመጻፍ ያነሳሱን ከጀመዓችን የመጡ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው።

የመጀመሪያው የአንድ ወንድማችን ነው። ቤተሰቦቹ ደሴ ናቸው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ለላብራቶሪ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ ማታ ይመለሳል። ከተማ ቀይሬ እስከሄድኩ ድረስ ሙሳፊር ነኝ ብሎ ስላሰበ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ኮምቦልቻ ላይ ዙህርንና ዐስርን ሁለት ሁለት ረከዓ ሲሰግድ ከረመ።

ሁለተኛው የአንዲት እህታችን ነው። እናቷን ለሕክምና ይዛ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄደች። ሦስት ቀን ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ስትመላለስ ሶላት ለማሳጠርም ሆነ ለማጣመር አልደፈረችም። «አንድ ሰዓት እንኳ ያልሞላ ጉዞ ምን ሰፈር ይባላል?» ብላ ነበር። በዚህ መሀል አንድ ቀን ወረፋ ላይ ሆና የዐስር ወቅት አመለጣት፤ እስካሁን ይቆጫታል።

አንዱ ርቀትን በከተማ ስም ለካ፣ ሌላዋ ደግሞ በሰዓት። ወንድማችን ያላገኘውን ፈቃድ ተጠቀመ፣ እህታችን የተሰጣትን ፈቃድ ተወች። ሁለቱም የሳቱት «ርቀት ማለት ምን ማለት ነው?» የሚለውን አንድ ጥያቄ ነው። እኛም የክፍላችንን ሒሳብና ልጅ ሆነን የቀራነውን ኪታብ ጎን ለጎን አስቀምጠን ልንመልሰው ሞክረናል።

አንድ ጉዞ፣ ሦስት ቁጥር

ከደሴ አዲስ አበባ ስንት ነው ብላችሁ ሦስት ሰው ብትጠይቁ ሦስት መልስ ታገኛላችሁ። ሹፌሩ «አራት መቶ ኪሎ ሜትር» ይላችኋል። ካርታ ላይ ማስመሪያ የሚያስቀምጥ ሰው «250 ምናምን» ይላል። መንገደኛው ግን «ጠዋት ወጥተህ ከሰዓት በኋላ ትገባለህ» ይላል። ሦስቱም እውነት ተናግረዋል፤ የለኩት ነገር ነው የሚለያየው።

የሹፌሩ ቁጥር የአስፋልቱ ርዝመት ነው። ከደሴ አዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ 400 ኪሎ ሜትር፣ ከኮምቦልቻ ሲነሱ ደግሞ ወደ 375 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ሁለተኛው ቁጥር የአየር መስመር ነው፤ እንዴት እንደሚገኝ እንይ። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በ11.08 ዲግሪ ሰሜንና በ39.71 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይገኛል። ቦሌ ደግሞ በ8.98 ሰሜንና በ38.80 ምሥራቅ ላይ ነው። በሰሜን–ደቡብ ያላቸው ልዩነት 2.1 ዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ይህ 233 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በምሥራቅ–ምዕራብ ያለው ልዩነት ደግሞ 0.91 ዲግሪ ሲሆን፣ በእኛ ኬክሮስ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የስምንተኛ ክፍል የፓይታጎረስ ሒሳብ ነው፤ ውጤቱ 254 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ከራሷ ከደሴ ብንለካም ከ256 ብዙ አይርቅም።

እንግዲህ 400ን ለ256 ስናካፍል 1.56 እናገኛለን። አሞራ አንድ ኪሎ ሜትር በሚበርበት ቦታ አውቶብሱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል ማለት ነው። ትርፉ የት ሄደ? ተራራው ላይ! ከደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስተን በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር እንወርዳለን። በሐርቡ፣ በከሚሴና በአጣዬ አልፈን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ከ1,300 ሜትር በታች ወርደናል፤ ጃኬት የሚወልቀው እዚያ ነው። ከሮቢት በደብረ ሲና አድርገን ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር እንወጣለን። እዚያ ጣልያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረውን ዋሻ አልፈን ደብረ ብርሃን ስንደርስ ጃኬቱ ይመለሳል። ያን ሁሉ ቁልቁለትና ዳገት መኪና ቀጥ ብሎ ሊወጣው አይችልም፤ መጠምዘዝ አለበት። እያንዳንዱ ጥምዝ ደግሞ ኪሎ ሜትር ይጨምራል።

የደሴና የኮምቦልቻ መንገድ ከዚህም የበለጠ ያስገርማል። በአየር መስመር 12 ወይም 13 ኪሎ ሜትር ብቻ ናቸው፤ በአስፋልት ግን ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። እጥፍ ማለት ነው። ቢሆንም፣ ወደ ወንድማችን ጉዳይ ስንመለስ እንደምናየው፣ እጥፍ ሆኖም ቢሆን አጭር መንገድ ነው።

አውሮፕላኑ ለምን በ25 ደቂቃ አይደርስም?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ መስመሮች በብዛት የሚጠቀምበት ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8-400 (ብዙዎቻችን ኪው 400 በሚለው ስሙ እናውቀዋለን) ከ70 በላይ ሰው ይጭናል፤ ፍጥነቱም በሰዓት እስከ 660 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። 254ን ለ660 ካካፈልን 23 ደቂቃ ይመጣል። ታዲያ ትኬቱ ላይ ለምን ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ይጻፋል?

ምክንያቱ አውሮፕላን መኪና መንገድ ላይ እንደሚነዳው በአንድ ፍጥነት የሚሄድ ነገር ስላልሆነ ነው። በረራውን በሦስት እንክፈለው። ለምሳሌ በ6,000 ሜትር ከፍታ የሚበር ነው እንበል።

መውጣት፦ ቦሌ ራሱ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ 6,000 ሜትር ለመድረስ በደቂቃ 450 ሜትር ቢወጣ 8 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሲወጣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በዚህ ጊዜ የሚሸፍነው ወደ 53 ኪሎ ሜትር ነው።

መውረድ፦ አውሮፕላን ወደ ማረፊያ የሚወርደው በ3 ዲግሪ ገደማ ተዳፋት ነው። የኮምቦልቻ ማረፊያ ወደ 1,860 ሜትር ላይ ስለሚገኝ መውረድ ያለበት 4,140 ሜትር ነው። ይህን በ3 ዲግሪ ተዳፋት ለመውረድ 79 ኪሎ ሜትር አግድም ርቀት ያስፈልገዋል። ገና ኮምቦልቻ 80 ኪሎ ሜትር ሲቀራት መውረድ ይጀምራል ማለት ነው። እሱም ከ9 እስከ 10 ደቂቃ ይወስዳል።

መሀሉ፦ ከ254 ላይ 53ንና 79ን ስንቀንስ 122 ኪሎ ሜትር ይቀራል። በሙሉ ፍጥነት የሚበረው ይህችን ብቻ ነው፤ 12 ደቂቃ ገደማ ይሆናል።

ሦስቱ ሲደመሩ 30 ደቂቃ ይመጣሉ። በዚህ ላይ ለመነሳትና ለማረፍ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ የሚዞርበት፣ መሬት ላይ ከቆመበት ተነስቶ ማኮብኮቢያው ጫፍ የሚደርስበት፣ ተራ የሚጠብቅበት፣ ካረፈ በኋላም ወደ ማቆሚያው የሚሄድበት ጊዜ አለ። ትኬት ላይ የሚጻፈው ደግሞ አየር ላይ ያለበት ጊዜ ሳይሆን ከማቆሚያ እስከ ማቆሚያ ያለው ነው። ስለዚህ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት መባሉ ትክክል ነው።

የመንገደኛው ሰዓት ግን ከዚህም ይለያል። ከደሴ ኮምቦልቻ መውረጃ አንድ ሰዓት ያዙ፤ ለፍተሻና ለመሳፈሪያ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ መገኘት አለ፤ ከዚያ በረራው፤ ከዚያ ሻንጣ መቀበልና ከቦሌ መርካቶ ወይም አየር ጤና መድረስ። ከቤት እስከ ቤት ቢያንስ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በአውቶብስ ደግሞ መንገዱ ሰላም ከሆነ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አውሮፕላኑ ከአውቶብሱ ከአሥር ጊዜ በላይ ይፈጥናል፤ መንገደኛው ግን የሚያተርፈው ግማሹን ጊዜ ነው። ሰፈር ከበር እስከ በር የሚቆጠር ነገር መሆኑን ለመረዳት ይህ ይበቃል።

ሸሪዓው የለካው የትኛውን ነው?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 101 ላይ በምድር ላይ ለሚጓዝ ሰው ሶላት ማሳጠርን ፈቅዷል። አንቀጹ የፍራቻን ሁኔታ ስለሚጠቅስ፣ ሰው ሰላም ካገኘ በኋላስ የሚል ጥያቄ በሶሓቦች ዘንድ ተነስቶ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲጠይቁ፣ ይህ አላህ የሰጣችሁ ሶደቃ ስለሆነ ተቀበሉት የሚል መልስ ማግኘታቸው በሙስሊም ዘገባ ሰፍሯል። ስለዚህ ቀስር የችግረኛ ብቻ አይደለም፤ ለሙሳፊር ሁሉ የተሰጠ ስጦታ ነው።

ሙሳፊር ለመባል ስንት መሄድ ያስፈልጋል? በወሎ ደረሳ ቤቶች ሲቀሩ የኖሩት የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀቦች መልሳቸው በመነሻው ይለያያል፣ በመድረሻው ይቀራረባል።

በሻፊዒ መዝሀብ መለኪያው አራት በሪድ ነው። አንድ በሪድ አራት ፈርሰኽ፣ አንድ ፈርሰኽ ሦስት ማይል ስለሆነ አራት በሪድ 16 ፈርሰኽ ወይም 48 ማይል ይሆናል። ኢብኑ ዑመርና ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) በዚህ ርቀት ያሳጥሩ እንደነበር ቡኻሪ ጠቅሰዋል። ወደ ኪሎ ሜትር ሲቀየር ቁጥሩ ከኪታብ ኪታብ የሚለያየው የጥንቱ ማይል በክንድ የሚለካ ስለነበር ነው። ማይሉን 1.69 ኪሎ ሜትር ያደረጉ 81 ይላሉ፤ 1.85 ያደረጉ ደግሞ 89 ይላሉ።

በሐነፊ መዝሀብ መለኪያው የሦስት ቀን የእግር ወይም የግመል ጉዞ ነው። የኋለኞቹ ዑለማዎች ወደ ኪሎ ሜትር ሲመልሱት ብዙዎቹ ከ77 እስከ 88 ባለው ውስጥ አስቀምጠውታል። ቁጥር ሳይወስኑ «ሰው በልማዱ ሰፈር የሚለው ሁሉ ሰፈር ነው» ያሉ እንደ ኢብኑ ተይሚያ ያሉ ዑለማዎችም አሉ። እኛ ግን በአካባቢያችን ሲሠራበት በኖረው በሁለቱ መዝሀቦች እንቀጥላለን።

አሁን የአውሮፕላኑ ጥያቄ ይመጣል። ርቀቱ በደቂቃዎች ቢያልቅስ? የሚገርመው፣ ይህ ጥያቄ አውሮፕላን ከመሠራቱ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ተመልሷል። በ676 ሂጅሪ ያረፉት ኢማም ነወዊ «ሚንሃጅ» በተባለው ኪታባቸው ባሕር እንደ የብስ መሆኑን፣ ሰውየው በመርከብ ያን ሁሉ ማይል በአንድ ሰዓት ቢያቋርጠው እንኳ ማሳጠር እንደሚችል አስፍረዋል። ነፋስ ያገዘው መርከብ ፈጥኖ ስለደረሰ መንገዱ አላጠረም። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሕጉ የተንጠለጠለው ርቀቱ ላይ ነው፣ ፍጥነቱ ላይ አይደለም። አውሮፕላኑም ከዚያ መርከብ አይለይም። እህታችን ልጅ ሆና ይህን ኪታብ ቀርታው ነበር፤ «ባሕሩን አነበብኩ፣ ሰማዩን ግን አላሰብኩትም» አለችን።

ሌላው ጥያቄ ርቀቱ በአስፋልት ነው ወይስ በአየር መስመር የሚል ነው። የሚቆጠረው ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው። በዚሁ ኪታብ ወደ አንድ ቦታ አጭርና ረጅም ሁለት መንገድ ቢኖር፣ አጭሩ መጠኑን የማይሞላ ሆኖ ሰውየው ረጅሙን የመረጠው ለምክንያት ከሆነ፣ ለምሳሌ ለምቾት ወይም ለደኅንነት፣ ያሳጥራል። ያለ ምክንያት፣ ለማሳጠር ብቻ ከዞረ ግን በጠንካራው አቋም አያሳጥርም። በሐነፊዎች ዘንድ ደግሞ የሄደበት መንገድ መጠኑን ከሞላ ይበቃል። እኛ የወሎ ልጆች «ለደኅንነት» የምትለዋን ቃል በሚገባ እናውቃታለን። በሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ ሲዘጋ በባቲና በሚሌ አድርጎ፣ አፋርን አቋርጦ፣ በአዋሽ በኩል አዲስ አበባ የገባ ሰው ከመካከላችን አለ። መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዚህ ጉዞ ርቀቱ በማንኛውም አለካክ ከመጠኑ በላይ ቢሆንም፣ ፉቀሃዎች ሰላም ፍለጋ መዞርን በምክንያትነት መቁጠራቸው የመንገደኛን ልብ ምን ያህል ያውቁ እንደነበር ያሳያል።

ከደሴ ተነስተን

ከደሴ ተነስተን በብዛት የምንሄድባቸውን ቦታዎች በመንገድ ርቀታቸው እንያቸው። ቁጥሮቹ ግምታዊ ናቸው።

ኮምቦልቻ፣ 25 ኪሎ ሜትር፦ በሁለቱም መዝሀብ ቀስር የለም።
ሐይቅ፣ 30 ኪሎ ሜትር፦ የለም።
ባቲ፣ 65 ኪሎ ሜትር፦ የለም።
ከሚሴ፣ ከ76 እስከ 78 ኪሎ ሜትር፦ ጠርዝ ላይ ነው።
ወልዲያ፣ 120 ኪሎ ሜትር፦ አለ።
አዲስ አበባ፣ 400 ኪሎ ሜትር፦ ያለ ጥርጥር አለ።

የከሚሴ ልጆች ይህን ቁጥር ልብ በሉት። በሻፊዒው 81 አይሞላም፤ በሐነፊው ዝቅተኛ ቁጥር ላይ ደግሞ ይንጠለጠላል። በዚያ ላይ የመንገድ ኪሎ ሜትር የሚቆጠረው ከከተማ መሀል እስከ ከተማ መሀል ሲሆን፣ ሰፈር ግን የሚጀምረው የከተማው ቤቶች ካለቁበት ነው። ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ከዚያ ይቀነሳል። ርቀቱ ያጠራጠረው ሰው መሠረቱ ላይ ይቆያል፤ መሠረቱም ሙሉ መስገድ ነው። ስለዚህ ለከሚሴ ሙሉ መስገዱ ልብን ያሳርፋል።

ከየት ይጀምራል፣ የት ያበቃል?

ቀስር የሚጀመረው ቤት ውስጥ ተነይቶ ሳይሆን ከከተማው ቤቶች ከወጡ በኋላ ነው። የደሴ ሰው በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሊሄድ ኮምቦልቻ ማረፊያ ሲደርስ ከተማውን 25 ኪሎ ሜትር ትቶ መጥቷል፤ መድረሻው ሩቅ ስለሆነ እዚያው ማሳጠር ይችላል። የኮምቦልቻ ሰው ግን የከተማው ቤቶች እስከ ማረፊያው የተያያዙ ከሆነ ገና አልወጣም። ከአዲስ አበባ ወደ እኛ የሚመጣው ደግሞ ቦሌ ላይ ሙሉ ይሰግዳል፤ ቦሌ ከተማው ውስጥ ነውና።

የሚያበቃው ወደ ቤት ሲገቡ ወይም መቆየት ሲነየት ነው። በሻፊዒ መዝሀብ የመግቢያውና የመውጫው ቀን ሳይቆጠር አራት ሙሉ ቀን ለመቆየት የነየተ ሰው ሙቂም ይሆናል። በሐነፊ መዝሀብ መጠኑ አሥራ አምስት ቀን ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ ወይም ከሐረር መጥቶ ግቢ የሚኖር ተማሪ ዶርም ውስጥ «እንግዳ ነኝ» ብሎ ሴሚስተሩን ማሳጠር አይችልም። እህታችን ግን ለሦስት ቀን ነበር የሄደችው፤ በሁለቱም መዝሀብ ሙሳፊር ነበረች። በሻፊዒው ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ ማጣመርም ይፈቀድላት ነበር። ያ ዐስር ባላመለጣትም ነበር። ሐነፊዎች ከዐረፋና ከሙዝደሊፋ ውጭ ጀምዕን አይቀበሉም፤ በእነሱ አካሄድ ዙህርን ወደ ወቅቱ መጨረሻ፣ ዐስርን ወደ ወቅቱ መጀመሪያ አድርጎ ሁለቱን አቀራርቦ መስገድ ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ፤ ሱብሒና መግሪብ አይታጠሩም፤ ሱብሒ ደግሞ ከምንም ጋር አይጣመርም። የደሴ አውቶብስ ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ ይነሳል፤ ፈጅር ደግሞ የሚገባው በዚያው ሰሞን ነው። ባለፈው እረፍት ስንሄድ አዛን ሳይል ተሳፈርን። ረዳቱን «ኮምቦልቻ ላይ አቁሙልን» አልነው፤ «እሺ» አለ፤ አልቆመም። ፀሐይ ሐርቡን ሳናልፍ ወጣችብን። ጥፋቱን በረዳቱ ላይ አላክከን ለማለፍ ሞክረን ነበር፤ በኋላ ግን ስናስበው ስምንት ሆነን ተሳፍረን አንዳችን እንኳ ሁለተኛ አልጠየቅነውም። ከመነሳታችሁ በፊት ሹፌሩን ራሱን አናግሩት፤ ውዱእ አድርጋችሁ ውጡ፤ ፈጅር ገብቶ ከሆነ መናኸሪያው አካባቢ ባለው መስጂድ ሰግዳችሁ ተሳፈሩ። ለቁርስ የሚቆም አውቶብስ በሰዓቱ ከለመኑት ለአምስት ደቂቃም ይቆማል።

በጾም ወር ደግሞ ያች 11 ሰዓት ሌላ ትርጉም አላት። ጉዞ ላይ ያለ ሰው ማፍጠርና በኋላ ቀዳ ማውጣት ተፈቅዶለታል። በሁለቱም መዝሀብ ግን ፈጅር ከተማው ውስጥ እያለ ከገባበት፣ የዚያን ቀን ጾም ጀምሯልና ጉዞ ስለወጣ ብቻ አያፈርሰውም። ፈጅር ሳይገባ ከከተማው ቤቶች የወጣ ግን ፈቃዱ አለው። ካልከበደው መጾሙ በላጭ ነው።

በሰማይ ላይ ጀንበር

የማታ በረራ በረመዷን የገጠመው ሰው መሬት ላይ ያለው መግሪብ ሲል በመስኮት ፀሐይን ያያታል። ዓይኑ አልዋሸውም። ከፍ ያለ ሰው አድማሱ ዝቅ ይልለታል። በ6,000 ሜትር ላይ የሚበር አውሮፕላን ከሥሩ ካለው 2,000 ሜትር ገደማ ደጋ 4,000 ሜትር ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አድማስ ወደ 2 ዲግሪ ይወርዳል። ፀሐይ በእኛ አካባቢ አንድ ዲግሪ ለመውረድ 4 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅባት ከመሬቱ ሰው 8 ደቂቃ ገደማ ዘግይታ ትጠልቅበታለች። ሰው የሚያፈጥረው ባለበት ቦታ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ የመንገደኛው ሰዓት መስኮቱ ነው። መሬት ላይ ጀንበር ገብታ በትክክል አፍጥሮ ከዚያ ተነስቶ ፀሐይን ዳግም ያየ ሰው ግን፣ ጾሙ ተሟልቷል ሲሉ ዑለማዎች መልሰዋል።

ለመሬቱም ሰው ቢሆን የአዲስ አበባ ሰዓት የደሴ ሰዓት አይደለም። ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ 0.91 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ በእኩሌታ ወቅት 3 ደቂቃ ተኩል ያህል ቀድማ ትገባለች። በታኅሣሥ ልዩነቱ ወደ 7 ደቂቃ ይደርሳል፤ በሰኔ ደግሞ ሁለቱ ከተሞች ሊገናኙ ይቀርባሉ። ደሴ ላይ ሆናችሁ ደግሞ ፀሐይ ከጦሳ ጀርባ ስትሰወር ጀንበር ገባች አትበሉ፤ ተራራው ጋረዳት እንጂ አልጠለቀችም።

ቂብላውን በተመለከተ አላህ ለወሎ አግርቶለታል። መካ በ39.83 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስትሆን ደሴ በ39.63 ላይ ናት። በአንድ መስመር ላይ ተደርድረዋል ማለት ይቻላል። ስለዚህ የደሴ ቂብላ ከትክክለኛው ሰሜን አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው፤ ርቀቱም በአየር መስመር ወደ 1,144 ኪሎ ሜትር ነው። በሜዳ ላይ አውቶብሱ ቆሞ ሰሜኑን ያወቀ ሰው ቂብላውን አወቀ።

ወንድማችን ምን አደረገ?

የወንድማችንን ነገር ሳንነግራችሁ አንለያይ። መልሱን ሲሰማ መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ ወደ ኡስታዛችን ይዘነው ሄድን። ኡስታዙ አልተቆጡትም። ሳያውቅ ያደረገው ስለሆነ ተስፋ እንዳይቆርጥ፣ ግን አራት ረከዓ ግዴታ ያለበት ሰው ሁለት ሰግዶ ከኃላፊነቱ ስለማይወጣ ቀዳ እንዲያወጣ ነገሩት። ቁጭ ብለን አብረን ቆጠርን። 16 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ሁለት ሶላት ነው፤ 64 ሶላት ሆነ። ቁጥሩ ሲጻፍ ከባድ ነበር። ከእያንዳንዱ ዙህርና ዐስር ጋር አንድ አንድ ቢጨምር ግን በ32 ቀን ያልቃል። አሁን ከግማሽ በላይ ሄዷል፤ መስጂድ ውስጥ ከሁላችን ኋላ ሲቀር ካያችሁት ለምን እንደሆነ አውቃችሁ ዱዓ አድርጉለት።

እህታችንም ያን ዐስር ቀዳ አውጥታዋለች። እናቷ አልሐምዱሊላህ እየተሻላቸው ነው። ለቀጣዩ ቀጠሮ በሚቀጥለው ወር ትሄዳለች፤ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ሳይሆን መንገዱን ቆጥራ።

እናንተም ሻንጣ ስትጠቀልሉ ሦስት ነገር ጠይቁ። የምሄድበት መንገድ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ፈጅር የሚገባብኝ ከተማ ውስጥ ነው ወይስ ወጥቼ? ስደርስ ስንት ቀን እቆያለሁ? ያጠራጠራችሁን ይዛችሁ ወደ ኡስታዝ ሂዱ፤ እኛ የጻፍነው ለጥያቄ እንዲያበቃችሁ እንጂ ፈትዋ እንዲሆናችሁ አይደለም።

አላህ መንገዳችሁን ያቅናው፣ በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልሳችሁ። ወላሁ አዕለም።